የመኪና ቻርጀር የሰካችሁበትን ሶኬት ዳስሱት
ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቤታችሁ ቻርጅ የምታደርጉ፣ ከሰካችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በደረቅ እጃችሁ ጀርባ ንኩት። ለብ ካለ ችግር የለም። ከፋጀ ግን ቶሎ አቁሙትና ሲቀዘቅዝ ቻርጀሩን ከ16 ወደ 8 አምፒር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) አውርዱት። አምፒሩ በግማሽ ሲቀንስ ገመዱ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 8 አምፒርም ቢሆን በ10 ሰዓት ውስጥ 17 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይስባል፣ ለከተማ ውሎ ከበቂ በላይ ነው። በ16 አምፒር መኪናው የእንጀራ ምጣድ ያህል ይስባል፣ ምጣዱ ግን ጋግራችሁ ስትጨርሱ ይነቀላል፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ እንደተሰካ ያድራል። እንጀራ እየተጋገረም አትሰኩት።

ሶኬቱ ከጠቆረ ወይም ከቀለጠ በ8ም እንዳትሞክሩት! ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚያቋርጥ) እና ኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ያለው መስመር አስዘርጉ።