ቱቡላር ጎማ ሲላቀቅ፦ መጀመሪያ ማስቲሹ የት እንደቀረ እዩ

ቱቡላር የሚባለውን የብስክሌት ጎማ ቸርኬ ላይ የሚይዘው ማስቲሽ ነው። በቃ። እንደ ተራው ጎማ ቸርኬውን የሚነክስ ጠርዝ የለውም። ካላማዳሪው ጎማው ውስጥ ተሰፍቶ ተዘግቶበታል፤ ስፌቱን ደግሞ የጨርቅ ጥብጣብ ይሸፍነዋል። ቸርኬው ላይ የሚጣበቀው ያ ጥብጣብ ነው። ጎማው እንደማይተነፍስ፣ ቸርኬው እንዳልተጣመመና ሽቦዎቹ እንዳልላሉ አይታችኋል ብዬ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ቫልቩ ዘመመ

ቫልቩ ቀጥ ብሎ ወደ ቸርኬው መሃል ማየት አለበት። ወደ ጎን ካዘነበለ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው። ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይሄዳል። ብዙ ሰው ቫልቩን በጣቱ ቀና ያደርግና ጉዞውን ይቀጥላል። ኧረ ተዉ! ችግሩ ቫልቩ ጋ አይደለም፤ ማስቲሹ ለቋል።

ወይ ማስቲሹ አርጅቶ ደርቋል፣ ወይ ሙቀት አለስልሶታል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ብስክሌት ረጅም ቁልቁለት ላይ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ማስቲሽ ደግሞ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በ2003 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ስፔናዊው ብስክሌተኛ ሆሴባ ቤሎኪ ወደ ጋፕ ከተማ በሚወርደው ቁልቁለት፣ ፀሐይ ባቀለጠው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው ከቸርኬው ወጣ። ጭኑ፣ ክርኑና የእጁ አንጓ ተሰበሩ። እሱ እንግዲህ ጎማ የሚለጥፍለት ባለሙያ ያለው ሰው ነው።

መፍትሄው ጎማውን አውርዶ እንደ አዲስ መለጠፍ ነው። በጎን በኩል ማስቲሽ አንጠባጥቦ ማለፍ ጥገና አይባልም።

ንፋሱ ወጥቶ በአውራ ጣት ሲገፋ ጠርዙ ይከፈታል

ደጋግሜ የማየው ይሄን ነው፤ ስለዚህ እዚህ ጋ ታገሱኝ።

ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አውጡ። ቸርኬውን እያዞራችሁ ጎማውን በአውራ ጣት ከጎን ወደ መሃል ግፉት። ክፍተት ካያችሁ፣ ጥፍር የሚያስገባ እንኳ ቢሆን፣ አውርዱት። ሲወርድ አትቸኩሉ። ከቫልቩ ትይዩ ካለው ቦታ ጀምሩና በሁለት አውራ ጣት እየገፋችሁ አላቁት። እምቢ ካለ የፕላስቲክ ማንሻ ከሥሩ አሳልፉ። በካቻቢቴ የሚፈለቅቁ ሰዎች አሉ። አንዱ የካርቦን ቸርኬውን ጠርዝ ሰንጥቆ አምጥቶ «ማስቲሽ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» ብሎኛል።

ጎማው ከወረደ በኋላ አሮጌውን ማስቲሽ ለመፋቅ አትሩጡ። መጀመሪያ የት እንደቀረ አንብቡ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ የለም።

ማስቲሹ በሙሉ ቸርኬው ላይ ቀርቶ ጥብጣቡ ንጹሕ ከሆነ፣ ጥብጣቡ ማስቲሽ አልጠጣም ማለት ነው። አዲስ ጨርቅ የመጀመሪያውን ቅብ ይመጠዋል። ቸርኬውን ብቻ ቀብቶ የሚለጥፍ ሰው የሚያገኘው ይሄን ነው።

ተገልብጦ ማስቲሹ ከጎማው ጋር ተነስቶ ቸርኬው የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ቸርኬው ቅባት ነበረው ወይም ገና አዲስና ልሙጥ ነበር። አሉሚኒየም ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ አሻክሩት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ከዚያ በጣት አትንኩት።

በሁለቱም በኩል ክር ክር እያለ ከተበጠሰ፣ የለጠፈው ሰው ሥራውን ያውቃል። ማስቲሹን አትንኩበት።

አራተኛው ነው ዋናው። መሃሉ ላይ ወፍራም ቡናማ መስመር አለ፤ ግራና ቀኙ ግን ደረቅ ነው። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የጥብጣቡ ጠርዝ ነጣ ብሎ ደቃቅ አሸዋ ገብቶበታል። አሸዋው ይመሰክራል፤ ጠርዙ የተከፈተው ዛሬ አይደለም፣ ባለቤቱ ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ሲነዳው ነበር። «ለማውረድ እኮ ስንት ታግያለሁ፣ እንዴት አልያዘም ትላለህ?» ይሉኛል። መሃሉማ ይዟል። ግን ኩርባ ላይ ጎማው የሚገፋው ወደ ጎን ነው፣ መላቀቅ የሚጀምረውም ከጠርዙ ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የቸርኬው አልጋ፣ ማለትም ጎማው የሚያርፍበት ቦታ፣ ጎድጓዳ ነው። ማስቲሹን ከቱቦው አፍስሶ የሚተወው ሰው ሁሉን መሃል ላይ ያጠራቅመዋል። ሌላው መነሻ የጎማው ስፋት ነው። ቀጭን ጎማ ሰፊና ዝርግ አልጋ ላይ በመሃሉ ብቻ ያርፋል፤ ሰፊ ጎማ ጠባብ አልጋ ላይ ደግሞ ጠርዞቹን ነክቶ መሃሉ ባዶ ይቀራል። ጎማውን ሳትቀቡ ደረቁን ቸርኬው ላይ አድርጋችሁ ካያችሁት ይሄ ቶሎ ይታወቃል።

አሮጌው ማስቲሽ አልነሳ አለ

መነሳት አለበት ወይ? ስስ፣ ወጥና የተጣበቀ ከሆነ ተዉት። አዲሱ ቅብ ያለሰልሰዋል። የሚነሳው ጓል የሠራ፣ እየተፈረፈረ የሚረግፍ፣ ወይም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ማስቲሽ ነው። የጫማ ማስቲሽ፣ የቤት ዕቃ ማስቲሽ፣ እንደ ድንጋይ የሚደርቀው ፈጣን ማጣበቂያ፣ ሁሉንም ቸርኬ ላይ አይቻለሁ። እነዚህ እስከ ሥራቸው መውጣት አለባቸው።

መጀመሪያ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጉትና በፕላስቲክ መፋቂያ ወይም በአውራ ጣት እያንከባለላችሁ አንሱት። ብዙው በዚህ ይወጣል። ለቀሪው አሉሚኒየም ላይ አሴቶን ይሠራል። አታፍስሱት። ጨርቅ ነክራችሁ አልጋው ላይ አንጥፉ፣ እንዳይተን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሲላቁጥ በአንድ አቅጣጫ ጥረጉ። ወዲያና ወዲህ ካሻችሁት መልሳችሁ እየቀባችሁት ነው።

አሴቶን በቀላሉ ይቀጣጠላል። መስኮት ክፈቱ፣ ሲጋራ አጥፉ፣ የፀጉር ማድረቂያውን ከአጠገቡ አርቁ። ቀጭን ጓንት ቶሎ ይበሳሳል፤ ለውጡት። ቀለምና ስቲከር ያነሳል። ጎማው ላይ ደግሞ ጠብ እንዳይል! ጥብጣቡን ጎማው ላይ የያዘውን ላቴክስ የሚባል ማጣበቂያ ያላቅቀዋል፤ ከዚያ ጥብጣቡ ቸርኬው ላይ ቀርቶ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ካርቦን ቸርኬ ከሆነ የአምራቹን መመሪያ ሳታነቡ ምንም ፈሳሽ አታስነኩት። ብረትም አይነካውም፣ ቀለም ማንሻ የሙቀት ሽጉጥም አይቀርበውም።

መልሶ መለጠፍ

አዲስ ጎማ ሳይቀባ ቸርኬ ላይ ገብቶ፣ በደንብ ተነፍቶ አንድ ቀን ይደር። ይለጠጣል። ይህን የዘለለ ሰው ማስቲሽ የተቀባ ጎማ ይዞ ሲታገል ክንዱን፣ ወለሉንና ሽቦዎቹን ይቀባል።

ከዚያ አውርዱትና ጥቂት ንፉት፤ ጥብጣቡ ወደ ውጭ ይገለበጣል። በብሩሽ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ! ቸርኬውንም እንዲሁ። አንድ ቀን ይድረቅ። ቸርኬውን ድገሙት፣ አሁንም አንድ ቀን። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ላዩ ቆዳ ያወጣና ውስጡ እርጥብ ይቀራል። የመጨረሻው ቅብ ቸርኬው ላይ የሚደረገው ልታስገቡት ስትሉ ነው። ጣት ሲነኩት የሚይዝ፣ ግን የማይቀባ ሲሆን ጀምሩ።

ቸርኬውን መሬት ላይ አቁሙ፣ የቫልቩ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን። ቫልቩን ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። በሁለት እጃችሁ ጎማውን ግራና ቀኝ በእኩል ጉልበት ወደ ታች እየሳባችሁ ውረዱ። የመጨረሻውን እጅ ስፋት ቸርኬውን ሆዳችሁ ላይ ደግፋችሁ በአውራ ጣት አንሱትና አስገቡ። እዚህ ጋ ጎማው ጠርዙን እየፋቀ ማስቲሹን ይጠርጋል፤ ደረቅ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከቫልቩ ትይዩ የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጎትታችሁ ሳይሆን አንስታችሁ አስቀምጡ።

ጥቂት ንፉና አሽከርክሩት። የጥብጣቡ ጠርዝ በሁለቱም ጎን እኩል ካልታየ አሁኑኑ አስተካክሉ፤ ነገ አይቻልም። ከዚያ ጎማው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት ሳታልፉ በደንብ ንፉት፣ ተደግፋችሁበት ወለል ላይ አንከባልሉት፣ አንድ ቀን ተዉት።

ለቱቡላር የተሠራ ባለሁለት ፊት ቴፕም አለ፣ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ደግሞም ይይዛል። ምንጣፍ የሚለጠፍበት ቴፕ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ይዛችሁ አትምጡ።

ጥቃቅኖቹ

በየዙሩ ቫልቩ ጋ ከዘለለ፣ ቫልቩ ሥር ያለው እብጠት ቀዳዳው ውስጥ አልገባም። ቫልቩን በደንብ ወደ ውስጥ ሳቡት፤ አሁንም ከዘለለ ቀዳዳው አፉ ላይ ትንሽ ሰፋ መደረግ አለበት፣ ካርቦን ካልሆነ።

ፍሬን እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ማስቲሽ ፍሬን የሚነካው ቦታ ላይ ፈሷል። ሳይደርቅ ቢጠረግ ኖሮ አንድ ደቂቃ ነበር።

ጥብጣቡ ከጎማው ከተላቀቀ በላቴክስ ማጣበቂያ ይመለሳል፤ በቸርኬ ማስቲሽ አይደለም።

መንገድ ላይ የምትቀይሩት መለዋወጫ ጎማ ጥብጣቡ ቀድሞ የተቀባ ይሁን። እሱም ቢሆን ቤት እስክትደርሱ ብቻ ነው፤ ኩርባ ላይ አትጋደሙበት፣ በማግስቱ አውርዳችሁ በደንብ ለጥፉት።