የፓራግላይደራችሁን ፊት አትጠቅልሉት

ፈጣን ፓራግላይደር (ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚበርበት የጨርቅ ክንፍ) የምትበሩ ልጆች፣ ስታጥፉ የፊት ጠርዙ ላይ ያሉትን የፕላስቲክ ዘንጎች እንዳታጎብጧቸው፣ አንዴ ከተጣመሙ የክንፉ ቅርፅ ይበላሻል ሲነሳም ያስቸግራል። እኔ እንደ አኮርዲዮን ዘንጉን በዘንግ ላይ እየደረብኩ ሰብስቤ ከዛ በቁመቱ ሦስት ቦታ ላላ አርጌ ነው የማጥፈው፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ ረጅሙ ማጠፊያ ከረጢት በጣም ይገላግላል። እርጥብ ከሆነ ቤት እንደገባችሁ ፈታችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይማ ጨርቁን ይበላዋል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መተውም ያው ነው። ሽፋን የሌላቸውን ቀጫጭን ገመዶች ደግሞ አትርገጧቸው፣ ድንጋይ ላይም አትጎትቱ። ከክንፉ ኋላ ያሉት ገመዶች ብዙ ጭነት ስለማይይዙ ቀስ በቀስ ያጥራሉ፣ ክንፉም ሳታውቁት ይዘገያል፣ ስለዚህ ጨርቁ አዲስ ቢመስልም የገመዶቹን ርዝመት በየጊዜው አስለኩ።