ፈርንን በደግነት የምንጎዳባቸው ስህተቶች

ፈርን ለቅጠሉ ውበት ቤት ውስጥ የምናሳድገው ተክል ነው፤ የመጀመሪያውን ፈርኔን የጎዳሁት በሳሙና ነው። ቅጠሉን ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ተደርድሯል፤ ተባይ መስሎኝ አንድ በአንድ ፈገፈግኩት። ለካ መራቢያው ኖሯል! ፈርን አያብብም፣ ፍሬም አያፈራም፤ የሚራባው ከእነዚያ ነጠብጣቦች በሚረግፍ፣ ስፖር በሚባል ዱቄት መሰል ብናኝ ነው። ነጠብጣቡ በቅጠሉ ጀርባ ብቻ ሥርዓት ይዞ ከተሰለፈ ተክሉ ጤነኛ ነው። እዚህም እዚያም ከተበተነ፣ አገዳው ላይም ከወጣና ቅጠሉ እጅ ላይ ከተጣበቀ ግን ተባይን ጠርጥሩ።

ብዙ ፈርን የሚሞተው ግን በውሃ ጉዳይ ነው። እንደ ሬት ደርቆ የሚታገሥ ተክል አይደለም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፈርኑም በፈረቃ ይጠጣል፦ አራት ቀን ይጠማል፣ በአምስተኛው ይጥለቀለቃል። ጣታችሁን አፈሩ ላይ አሳርፉ። ላዩ መድረቅ ሲጀምር ከሥር እስኪንጠባጠብ አጠጡት፤ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉት። ከታች ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሥሩን ያበሰብሳል። አዲያንተም የሚባለው ስስ ቅጠል ያለው ዓይነት ደግሞ አፈሩ አንዴ ከደረቀ ቅጠሉ ይኮማተራል። ቶሎ አትጣሉት። የደረቀውን ከአፈሩ አጠገብ ቁረጡና አፈሩን እርጥብ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ሥሩ ካልሞተ እንደገና ያቆጠቁጣል።

«ትንሽ ፀሐይ ይሙቀው» ብሎ መስኮት ላይ ማውጣትም አለ። አብዛኛው ፈርን የዛፍ ጥላ የለመደ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ይለበልበዋል። ከስስ መጋረጃ ጀርባ ያለው ብርሃን ይበቃዋል። ጨለማ ኮሪደር ግን ጥላ አይባልም።

ጠዋት ማታ ቅጠሉን በውሃ መርጨት ለእኛ ደስታ ካልሆነ ብዙም አይረባውም፤ ወዲያው ይተናል። አየሩ በሚደርቅበት በጋ፣ ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ማሞቂያ በሚበራበት ወቅት፣ ተክሎቹን አጠጋግቶ ማስቀመጥ ወይም መስኮት ያለው መታጠቢያ ቤት ማስገባት ይሻላል።

ማዳበሪያ ከታዘዘው ግማሹ፣ ያውም አዲስ ቅጠል በሚያወጣበት ጊዜ ብቻ።

ቦስተን ፈርን ያላችሁ ከማሰሮው ጠርዝ እንደ ክር የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ለማስዋብ» አትቁረጡ። አንዱን ክር አጠገቡ ባለ ሌላ ማሰሮ አፈር ላይ አስተኝታችሁ አፈሩን አርጥቡ፤ ሥር ሲሰድ ከእናቱ ቆርጣችሁ ለጎረቤት ስጡት።