ፖታሲየም ቻነልን በሙቀት ስትፈትኑ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ፖታሲየም ቻነል ማለት በሴል ሽፋን ላይ ያለ፣ የፖታሲየም አዮኖችን (ቻርጅ ያላቸው አቶሞችን) የሚያሳልፍ ባለ በር ፕሮቲን ነው። ስለ እሱ «ልኬቱ የተወሰደው በክፍል ሙቀት ነው» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ደሜ ይፈላል። የክፍል ሙቀት ስንት ነው? ጠዋት 19 ዲግሪ፣ መሣሪያው ሁሉ ሲግል ደግሞ 25 ሊሆን ይችላል። በሩ የሚከፈትበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው ሦስት እጥፍ የሚጨምር ቻነል ከሆነ፣ ይህቺ የ6 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ፍጥነቱን እጥፍ ልታደርስ ምንም አይቀራት። ከዚያ «የጠዋቱና የከሰዓቱ ሴሎች ተለያዩብኝ» ይባላል። ቁጥሩን ጻፉ፣ በቃ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አንድ ኪው 10 ይዞ ሁሉንም ማባዛት ነው። ኪው 10 ማለት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር አንድ ሂደት ስንት እጥፍ እንደሚፈጥን የሚነግረን ቁጥር ነው። ሳይንቲስቶቹ ሆጅኪንና ሃክስሊ በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጡት የስኩዊድ ነርቭ ሞዴል፣ መነሻቸው 6.3 ዲግሪ ሆኖ፣ ለበሮቹ ፍጥነት 3ን ተጠቀሙ። ለበሮቹ! ጀማሪው ግን ይቺን 3 ይዞ ከረንቱንም (በቻነሉ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት) ያባዛበታል። ኧረ ተው! በሩ እንዲከፈት ፕሮቲኑ ቅርጹን መቀየር አለበት፤ ይህ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ሙቀት በጣም ያፋጥነዋል። በተከፈተ ቀዳዳ የሚያልፍ አዮን ግን ያን ያህል አይቸገርም፤ የእሱ ኪው 10 አብዛኛውን ጊዜ ከ1.3 እስከ 1.5 ነው። ስለዚህ ከ22 ወደ 37 ዲግሪ ስትወጡ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅ የነበረው መከፈት ወደ 2 ሚሊሰከንድ ይወርዳል፤ በአንድ ክፍት ቻነል የሚያልፈው ከረንት ግን እጥፍ እንኳ አይሞላም። ደግሞም መከፈቱና መዘጋቱ እኩል ከፈጠኑ፣ በመጨረሻ ክፍት ሆነው የሚገኙት ቻነሎች ብዛት ንቅንቅ አይልም። ከከረንቱ ከፍታ ተነስታችሁ ስለ በሩ ፍጥነት አታውሩ።

የሙቀት መለኪያውን ማሞቂያው አጠገብ አትትከሉ። አንድ ወጣት «ሙቀት የማይነካው ቻነል አገኘሁ» ብሎ እየበረረ መጣ። ማሳያው 37 ይላል። የመለኪያውን ጫፍ ሴሉ ጎን ስናደርገው 29 አነበበ። በዘይት የሚሠራው ሌንስ ሙቀቱን ከሥር እየመጠጠው ነበር። ልጁ አሳዘነኝ፤ ደስታው ልብ ይነካ ነበር።

የፈሳሹን ፒኤች (የአሲድነት ልኩን) የምታስተካክሉት በምትሠሩበት ሙቀት ይሁን። ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚጨመሩ ነገሮች (በፈሮች) ራሳቸው በሙቀት ይለወጣሉ፦ በ22 ዲግሪ 7.4 ያደረጋችሁት ትሪስ የተባለው በፈር 37 ላይ ወደ 7.0 ይወርዳል፤ ሄፔስ የተባለው ደግሞ ወደ 7.2። ፒኤች የሚነካቸው ፖታሲየም ቻነሎች ደግሞ ብዙ ናቸው።

የፖታሲየም ሚዛን ቮልቴጅም፣ ማለትም የፖታሲየም ወጪና ገቢ እኩል የሚሆንበት ቮልቴጅ፣ ይለወጣል። ውጭ 5፣ ውስጥ 140 ሚሊሞላር ከሆነ በ20 ዲግሪ −84፣ በ37 ደግሞ −89 ሚሊቮልት ነው።

መድኃኒት የምትፈትኑ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ኤሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ኸርግ የተባለውን የልብ ፖታሲየም ቻነል የሚዘጋው በሰውነት ሙቀት ሲሆን ይበልጥ በርትቶ ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ የለካ ሰው የልብ ምት የማዛባት አደጋውን አሳንሶ ያያል።

ትሬክ-1 የተባለው ፖታሲየም ቻነል ደግሞ ሲሞቅ በደንብ ይከፈታል፤ ግን ሴሉ ሳይነካ ነው። ፓቹን (ቻነሉ ያለበትን ትንሽ የሽፋን ቁራጭ) ከሴሉ ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ለሙቀት የነበረው ስሜት ይጠፋል። እንዲያ አድርጋችሁ «ሙቀት አይሰማውም» ብላችሁ የቻነሉን ስም አታጥፉ፤ መጀመሪያ ሴሉ ላይ እንዳለ ለኩት።