ሳንቃ በር ላይ «አጭር ናት» ሲሏችሁ

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ብዙ ሰው ራስ ዳሽን ይመጣበታል። ድንኳን፣ በቅሎ፣ የሳምንት ጉዞ። ግን የግማሽ ቀን መንገዶችም አሉት። ከቡይት ራስ ተነስቶ ካምፕ ወዳለበት ሳንቃ በር የገደሉን አፋፍ ይዞ መሄድ ይቻላል። ከሳንቃ በር ወጣ ብሎ የጅንባር ፏፏቴ አለ። ሌላው ካምፕ ጨነቅ ላይ ደግሞ ዕድል ከቀናችሁ ከመኪና ወርዳችሁ ብዙም ሳትራመዱ ዋልያ ታያላችሁ። ከዚህ ተራራ ሌላ በዱር የሚገኝበት የለም። እኔም «አጭር መንገድ ምን ያደርገኛል?» ብዬ ነው የሄድኩት።

የመጀመሪያው ስህተቴ ጥድፊያ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ። በመኪና የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሰውነት ግን በዚያ ፍጥነት አይለምድም። ጠዋት ከጎንደር ተነስተን ከሰዓት ዳገት ጀመርን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አናቴን ይወቅረኝ ጀመር፤ ምሳዬም አልረጋ አለኝ። «የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» ስል ነበር። አብሮን የነበረው ስካውት፣ ማለት የፓርኩ የታጠቀ አጃቢ፣ አልሳቀብኝም። «ቁጭ በል» አለና ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጠበቀኝ። መፍትሔው የፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር፣ ውኃ መጠጣት፣ እንደ ስካውቱ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ራስ ምታቱ ከባሰ ወይም ካስመለሳችሁ «ተኝቼ ይለቀኛል» አይሠራም። ወደ ታች መውረድ ብቻ።

ሁለተኛው የገደሉ ጠርዝ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ገደሉ ላይ ያሉት ማማ የሚመስሉ ዐለቶች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ውኃ ሲቦረቡራቸው ኖሯል። ከሩቅ ግንብ ይመስላሉ፤ ሲቀርቧቸው ግን ተሰነጣጥቀዋል። ጠርዙን ደግሞ የጓሳ ሣር ስለሚያለብሰው መሬቱ የት ላይ እንደሚያልቅ አይለይም። ጠዋት ጤዛ ሲኖር ያንሸራትታል። በጣም የሚያስፈራኝ ግን ለፎቶ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ሰው ነው። «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ…» እያለ የሚያዘውም ጓደኛ ጥፋተኛ ነው። ቁልቁል ማየት ያማራችሁ በደረታችሁ ተኝታችሁ እዩ። ልብስ ቢቆሽሽ ይታጠባል።

አርፍዶ መነሳትም አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሸለቆ ቀትር ላይ ብዙ ጊዜ በጉም ይሞላል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ግድግዳ ነው የምታዩት። ጭላዳ ዝንጀሮዎችም ሌሊቱን ያደሩበትን ገደል ትተው ፀሐይ ሊሞቁ የሚወጡት ጠዋት ነው።

ስለ ጭላዳ ካነሳን፣ ዳቦ አትስጡ። ጭላዳ ሣር በል ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ በጣቱ ሣር ሲነጭ ነው የሚውለው። የሰው ምግብ ያስለመዳችሁት እንደሆነ ነገ የሚወርደው የገበሬው ማሳ ውስጥ ነው። እናንተ ያኔ ቤታችሁ ናችሁ።

«ስካውት የፈረንጅ ነገር ነው» ብላችሁ ለብቻችሁ አትሂዱ። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስትመዘገቡ ይመደብላችኋል። ፈረንጁ አብዛኛውን ጊዜ በምልክት ነው የሚግባባው፤ እኛ ግን እንደ ልብ እናወራለን። የእኛን ስካውት የተራራው ዕፅዋት፣ ጅብራው፣ አስታው፣ ጦስኙ ለምን እንደሚሆን ስጠይቀው መንገዱ ሳይታወቀኝ አለቀ። ደግሞ «ጋሼ» ብላችሁ ጥሩት እንጂ በጣት አትጥቀሱት።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ኮፍያም ጋቢም ያዙ። አዲስ ጫማ ግን እዚያ አታሟሹ።

ከመነሳታችሁ በፊት ደባርቅ የሚያውቃችሁ ሰው ጋ ደውሉና የመንገዱን ጸጥታ ጠይቁ። ወሩንም አስቡበት። ሐምሌና ነሐሴ ጅንባር ይጮኻል፣ ጉሙ ግን አያሳይም። የካቲት ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ውኃው ግን ክር አክሎ ነው የሚጠብቃችሁ። እኔ የካቲት ሄጄ «ፏፏቴው የታለ?» ስል ስካውቱ በጣቱ አሳይቶኝ፣ «መስከረም ና» አለኝ።