በመንግሥት ደን ዕቅድ ላይ ሕዝቡን እንዴት እናሳትፍ? በጎንደር አካባቢ ለሚሠሩ ባለሙያዎች

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥትና ከግል ደን ሌላ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንንም ያውቃል። ደኑ የመንግሥት በሚሆንበት ጊዜ ግን ዕቅዱ ቢሮ ውስጥ ተጠናቆ ሕዝቡ ለማጨብጨብ ብቻ የሚጠራበት ልማድ አለ፤ ይህ ማሳወቅ እንጂ ማሳተፍ አይደለም። ስለዚህ ካርታው ከመሣሉ በፊት ይጀምሩ።

በቅድሚያ ስብሰባ አይጥሩ። ጥቂት ቀን ማለዳ ወደ ደኑ መግቢያ ወጥተው ማን ምን ይዞ እንደሚገባና እንደሚወጣ ይመልከቱ። ጭራሮ የሚለቅሙ ሴቶችን፣ እረኞችን፣ ቀፎ የሰቀሉ ንብ አናቢዎችንና ሣር አጫጆችን የሚያገኟቸው እዚያ ነው፤ የቀበሌ ስብሰባ ላይ በብዛት የሚገኙት ግን አበሉን የለመዱት ናቸው። በመተማና በቋራ ቆላ ደግሞ ከዕጣን ዛፍ ላይ ዕጣን የሚያወርዱት ብዙዎቹ በበጋ ከሌላ አካባቢ የሚመጡ ሠራተኞች በመሆናቸው፣ ነዋሪውን ብቻ ማነጋገር በቂ አይሆንም። አንድ ዛፍ ላይ ስንት ቦታ እንደሚበጣና ዛፉ መቼ ማረፍ እንዳለበት ሲወሰን፣ መብጫውን የያዘው ሰው በቦታው መኖር አለበት፤ አላግባብ የተበጣ ዛፍ ይዳከማል፣ ዘሩም ይመናመናል።

ጊዜውን በገበሬው አቆጣጠር ይምረጡ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ፣ ሰኔና ሐምሌ እርሻና ዘር ነው፤ ከጥር እስከ መጋቢት ይሻላል። ቅዳሜ የጎንደር ገበያ ስለሆነ ይተዉት። ሞፈር የማይነሣበት የበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለክርስቲያኑ ይመቻል፤ ሙስሊሞች ባሉበት ቀበሌ ግን የዓርብ ጁምዓ ሶላት እስኪያበቃ ይጠብቁ። ሴቶችን ለብቻቸው ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ባሎቻቸው ባሉበት ስለ ማገዶ የሚናገሩት ጥቂት ነው።

በውይይቱ ቀን ወረቀት አይዘርጉ። መሬቱን ጠርገው ወንዙን በአመድ፣ መንገዱን በጭራሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በድንጋይ እንዲያሳዩ ይጠይቁ። አንድ ጊዜ የነበርኩበት ውይይት ላይ አንዲት እናት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ተነሥተው ምንጩን የሚያመለክተውን ጠጠር ሁለት እርምጃ ወደ ላይ አዛወሩት። እኛ ልንከልለው ያሰብነው ቦታ የከብቶቹ ብቸኛ ውኃ መጠጫ ኖሯል። ካርታው ወደ ወረቀት የሚገለበጠው እንዲህ ከታረመ በኋላ ነው።

የተነሣው ሐሳብ ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይስፈር፤ ከአጠገቡም ተቀባይነት ማግኘቱ፣ ካላገኘም ምክንያቱ ይጻፍ። ረቂቁን በዚያው ቦታ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፣ በተለይም ማን እንደሚጠብቅ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈልና ጥፋተኛ እንዴት እንደሚቀጣ የሚናገረውን ክፍል። በወሰኑ ያልተስማማ ወገን ካለ ልዩነቱ በስሙ ተመዝግቦ ፊርማው ይቆይ፤ ሽማግሌዎች ወሰኑን በእግር አይተው እስኪመለሱ ድረስ ማኅተም አይምቱ።