የሕፃን ክርን ተጎትቶ ሲወልቅ፦ ከመታሸቱ በፊት ምን ይደረግ?

ባሕር ዳር ላይ ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ ሰው ሲጭን አስተውሉ። ጀልባው በማዕበሉ ይርቃል፣ ይጠጋል፤ ቀድሞ የገባው አባት የልጁን አንድ እጅ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። የትንንሽ ልጆች ክርን የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ባጃጅ ሲመጣ እጅን መንጭቆ ከአስፋልት ማውጣት ወይም ሁለት እጅ ይዞ ማወዛወዝም ያው ነው።

በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት ጫፍ ክርን ላይ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ ጅማት አለ። ከ1 እስከ 4 ዓመት ባለው ልጅ ገና ስላልጠነከረ፣ የተዘረጋ እጅ ድንገት ሲሳብ ተንሸራትቶ በመገጣጠሚያው መካከል ይቀረቀራል። ከ5 ዓመት በኋላ እምብዛም አያጋጥምም።

በመጀመሪያ ልጁን ሳትነኩት ተመልከቱት። ጥቂት አልቅሶ ዝም ይላል፤ እጁን ግን ክርኑን ትንሽ አጥፎ፣ መዳፉን ወደ ሰውነቱ አዙሮ ከጎኑ ያስጠጋዋል። ቁራሽ ዳቦ ብትሰጡት በሌላኛው እጁ ይቀበላል። እብጠት አይታይም። ካበጠ፣ ከወደቀ ወይም እንዴት እንደተጎዳ ያየ ሰው ከሌለ ስብራት ሊሆን ስለሚችል ራጅ ያስፈልገዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከገረጡ ደግሞ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ቀጥሎ የሚከብደው ይመጣል፤ የራስን እጅ መሰብሰብ። አትሹት፣ አትሳቡት፣ በቀርከሃም አታስሩት። ወጌሻ በአካባቢያችን የተከበረ ነው፤ ሆኖም አጥብቆ ማሰር ደም እያገደ እጅ እስከ መቆረጥ የደረሱ ልጆች በሀገራችን አሉ። ክንዱን በነጠላ ደግፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካልተቻለም ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል አድርሱት።

ባለሙያው ክርኑን በአንድ እጁ ይደግፍና በሌላው የልጁን የእጅ አንጓ ይዞ መዳፉ ወደ ታች እንዲዞር ክንዱን ያዞረዋል። ሌላው መንገድ መዳፉን ወደ ላይ አዙሮ ክርኑን ማጠፍ ነው፤ የመጀመሪያው በአንድ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ የተሻለ ነው። ክርኑ ቀጭ ይላል፣ ልጁ ይጮሃል፣ በዚያው ያበቃል። ብዙዎቹ በ15 ደቂቃ ውስጥ መጫወቻ ይይዙበታል፤ ፋሻም አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓት አልፎ እጁን ካላንቀሳቀሰ ግን እንደገና ይታይ።

አንዴ የወለቀ ክርን ሊደግመው ስለሚችል ልጁን ሁልጊዜ ከብብቱ ሥር ይዛችሁ አንሱት። ይህን ለሞግዚቷም ለታላላቆቹም ንገሩ።